«ገደለችው» እና «ገደልኋት»፦ አወዛጋቢ ገጸ ባሕርይ በቪዲዮ ጨዋታ ትረካ ውስጥ ያለው ዋጋ

1. መነሻ

«አወዛጋቢ» የሚለው የአማርኛ ቃል «አወዛገበ» ከሚለው አስደራጊ ግስ የወጣ ነው። «ሰዎቹ ተወዛገቡ» ሲባል ድርጊቱ የሰዎቹ ነው፤ «ጉዳዩ አወዛገባቸው» ሲባል ግን ወደ ክርክር ያስገባቸው ሌላ ነገር መኖሩን ግሱ ራሱ ይናገራል። ከዚህ አንጻር አንድን ገጸ ባሕርይ አወዛጋቢ ማለት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚጠላው ጨካኝ ማንንም አያወዛግብም። አወዛጋቢ የሚባለው፣ አንድ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የተከታተሉና አንድ ዓይነት ማስረጃ የቀረበላቸው ሰዎች በእርሱ ላይ የተለያየ ፍርድ ሲሰጡ ነው።

እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ ለአማርኛ ልቦለድ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በግትርነቱ ያስቆጣል፣ በኩራቱ ያስቃል፣ በመጨረሻም ያሳዝናል። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ ዋና ባለታሪኩን ከስሙ ጀምሮ ተከራካሪ አድርጎ ያቀርበዋል። በሁለቱም መጻሕፍት ግን አንባቢው ቦታው አይለወጥም። ባለታሪኩ «እርሱ» ነው፤ አንባቢው ተመልካች ነው።

በቪዲዮ ጨዋታ ይህ ርቀት ይጠብባል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል። አወዛጋቢ ገጸ ባሕርይ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ልዩ ዋጋ የሚኖረው ሰውን ስላስቆጣ ወይም ገበያ ስለሳበ አይደለም፤ ተጫዋቹን በማይወደው ሰው ግስ ውስጥ ባለቤት አድርጎ ሊያስገባው ስለሚችል ነው። ለማሳያነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት» እና በውስጡ ያለችው አቢ የተባለች ገጸ ባሕርይ ናት።

2. የተጫዋቹ ግስ

የአማርኛ ግስ ያለ ባለቤት አይቆምም። «ገደልሁ»፣ «ገደልሽ»፣ «ገደለች» በሚሉት ቅርጾች ውስጥ አድራጊው በግሱ መድረሻ ላይ ተቀምጧል። ተደራጊውም ሊጨመር ይችላል፤ «ገደልኋት» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ገዳይም ሟችም አሉ። ተናጋሪው ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ሳይለይ ግሱን መጨረስ አይችልም።

ይህ የሰዋስው ግዴታ ተጫዋቾች ስለ ጨዋታ ሲናገሩ ጎልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች የእግር ኳስ ጨዋታ የሚጫወት ወጣት ኳሱ መረብ ላይ ሲያርፍ «አገባሁብህ» ይላል እንጂ የአጥቂውን ስም ጠርቶ «አገባብህ» አይልም። ጀግናው ሲሸነፍም «ሞትሁ» ይላል። ልቦለድ የሚያነብ ሰው ግን ባለታሪኩ ሲሞት «ሞትሁ» አይልም። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን እንደያዘ የገጸ ባሕርይው ግስ ወደ አንደኛ መደብ ይዞራል። ይህ መዞር ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ጨዋታዎች ለተጫዋቹ የሚሰጡት ሊሆን የሚወደውን ሰው ነው። ጀግና መሆን ማንንም አይከብድም። ነገሩ የሚከብደው ግሱ የሌላ፣ ያውም የተጠላ ሰው ሲሆን ነው።

3. ታሪኩ በአጭሩ

የመጀመሪያው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» እ.ኤ.አ. በ2013 በናውቲ ዶግ ተሠርቶ ወጣ። ኮርዲሴፕስ የተባለ ፈንገስ የሰውን ልጅ አእምሮ እየያዘ ሥልጣኔን ባፈረሰበት ዓለም፣ ልጁን የቀበረው ጆኤል ኤሊ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይዞ አሜሪካን ያቋርጣል። ፈንገሱ ኤሊን አይጎዳትም። በሶልት ሌክ ሲቲ ያሉ ሐኪሞች ከእርሷ መድኃኒት ሊያወጡ ይፈልጋሉ፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ሕይወቷን ያጠፋል። ጆኤል ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቶ ሐኪሙን ይገድልና ልጅቱን ይዞ ይወጣል። በኋላም ስለሆነው ነገር ይዋሻታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ ተጫዋቹ ሐኪሙን ሳይገድል ታሪኩ ወደ ፊት አይሄድም። ሐኪሙ ስም አልነበረውም። ገዳዩም፣ በሰዋስው ቋንቋ፣ «እኔ» ነበር።

በሁለተኛው ክፍል ያ ሐኪም ስምና ልጅ ያገኛል። ስሙ ጄሪ ነው፤ ልጁ አቢ ናት። አቢ ከዓመታት በኋላ ጆኤልን ፈልጋ ታገኘውና ኤሊ እያየች በጎልፍ ዱላ ቀጥቅጣ ትገድለዋለች። ኤሊ ደሙን ለመመለስ ወደ ሲያትል ትወርዳለች፤ ተጫዋቹም ለሦስት የታሪክ ቀናት እርሷን ሆኖ የአቢን ወዳጆች አንድ በአንድ ያሳድዳል። ሁለቱ በአንድ ቲያትር ቤት ውስጥ ሲገናኙ ትረካው በድንገት ይቋረጣል። ወደ ኋላ ተመልሶ እነዚያኑ ሦስት ቀናት ከአቢ ወገን እንደገና ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ተጫዋቹ ለረጅም ሰዓታት አቢን ሆኖ ይቆያል፤ ቲያትር ቤቱ ሲደርስም አቢን ይዞ ከኤሊ ጋር ይዋጋል። የአቢ እጅ ከሰነፈ ኤሊ ትገድላታለች፤ ጨዋታውም ትግሉን እንደገና ያስጀምራል። ኤሊን ላለመምታት የሚፈልግ ተጫዋች ያለው አማራጭ ጨዋታውን ማቆም ብቻ ነው።

4. «ደመኛ» የሚለው ቃል የሚይዛቸው ሁለት ሰዎች

በአማርኛ የሟች ወገን «ባለ ደም» ይባላል፤ ደሙን የመጠየቅ መብት የእርሱ ነውና። «ደመኛ» የሚለው ቃል ግን ሁለቱንም ወገን ይይዛል። የሟች ወንድም ገዳዩን «ደመኛዬ» ይለዋል፤ ገዳዩም የሚያሳድደውን ሰው «ደመኛዬ» ይለዋል። ቃሉ ማን እንደጀመረ አይናገርም። የሚናገረው በሁለቱ መካከል ደም መኖሩን ብቻ ነው። ከዚህ ጎን «ተጋደሉ» የሚለውን ግስ ማስቀመጥ ይቻላል። «ገደለ»፣ «ተጋደለ» እና «ተጋድሎ» እነዚያኑ ሦስት ተነባቢዎች ይጋራሉ፤ ጀግንነትን የሚያወድሰው ቃልና መገዳደልን የሚገልጸው ቃል በድምፅ ያን ያህል ይቀራረባሉ።

የ«ክፍል ሁለት» አወቃቀር ይህንኑ የ«ደመኛ»ን ሁለት ፊት ይከተላል። በመጀመሪያው አጋማሽ ባለ ደሟ ኤሊ ናት፤ ተጫዋቹም ቁጣዋን የራሱ አድርጎ ይይዘዋል። በሁለተኛው አጋማሽ ባለ ደሟ ከዓመታት በፊት አቢ እንደነበረች ይረዳል። ይበልጥ የሚያስጨንቀው ደግሞ የአቢን አባት የገደለው እጅ የማን እንደሆነ ማስታወሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጫወተ ሰው ያን ስም የለሽ ሐኪም ራሱ ገድሎታል። ስለዚህ አቢ ለተጫዋቹ ሦስተኛ ወገን አይደለችም፤ የራሱ ደመኛ ናት።

ይህን ልቦለድ ሊናገረው ይችላል፤ ፊልምም ሊያሳየው ይችላል። ሆኖም አንባቢ በሌላው ሰው ግድያ ላይ ፍርዱን ሲያሻሽል፣ ተጫዋች የሚያሻሽለው በራሱ ድርጊት ላይ ያለውን ፍርድ ነው። በሚዲያው ልዩነት ላይ ጥሩ ማስረጃ የሚሰጠው ታሪኩ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በኤችቢኦ የቀረበው ሁለተኛ ምዕራፍ የሚጀምረው አቢን በወዳጆቿ መቃብር አጠገብ በማሳየት ነው፤ ተመልካቹም ገና ከመነሻው የምትፈልገውን ያውቃል። በጨዋታው ግን ምክንያቷ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ይቆያል። ጨዋታው ምክንያቷን ሊያዘገይ የቻለው በሌላ መንገድ ስላስተዋወቃት ነው። ጆኤል ከመገደሉ በፊት ተጫዋቹ ለጥቂት ጊዜ አቢን ሆኖ በበረዶ ውስጥ ከበሽተኞች መንጋ ሸሽቷል፤ በሕይወት ያቆያትም የገዛ እጁ ነው። ከዚያ አደጋ የሚያወጣት ጆኤል መሆኑ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን የበለጠ መራራ ያደርገዋል። ተጫዋቹ «ገደለችው» ብሎ ከመናገሩ በፊት «አዳንኋት» የሚለውን ግስ በእጁ ፈጽሞታል።

ተጫዋቹን የሚወቅስ ጨዋታ ከዚህ በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ስፔክ ኦፕስ፦ ዘ ላይን» ዱባይ ላይ ተመሥርቶ፣ ወታደር መስለው በታዩ ሰዎች ላይ ነጭ ፎስፈረስ ካስጣለ በኋላ ሬሳቸው የሲቪል መሆኑን ያሳያል። ያ ጨዋታ ግን የአንድን ሰው ግስ ነው የሚያጠቁረው፤ ተጫዋቹ ከዋና ባለታሪኩ ውጭ የትም አይሄድም። የ«ክፍል ሁለት» አስተዋጽኦ መደቡን ማዞሩ ላይ ነው። «እኔ» የነበረችው ኤሊ «እርሷ» ትሆናለች፤ «እርሷ» የነበረችው አቢ «እኔ» ትሆናለች። የጨዋታው ስም ራሱ «ከእኛ የቀሩት» የሚል ፍቺ አለው፤ «እኛ» ውስጥ የሚገባው ማን ነው የሚለውን ጥያቄም ከዚህ የመደብ መዟዟር ውጭ በዚህ ጥንካሬ ማንሣት ያስቸግራል።

5. ውዝግቡ ምን ነበር?

ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ የታሪኩ ቁልፍ ክፍሎች ሾልከው ወጡ። ሰኔ 19 ቀን 2020 ለሽያጭ ሲቀርብ ውዝግቡ ቀድሞ ተቀጣጥሎ ነበር። ሶኒ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከ4 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን አስታወቀ። ሐያስያን ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት፤ በሕዝብ ነጥብ መስጫ ገጾች ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዝቅተኛ ነጥብ ጎረፈ። ጨዋታውን ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ ስለሚያስፈልግ፣ ከእነዚያ ፍርዶች ብዙዎቹ ታሪኩ ሳያልቅ የተሰጡ መሆናቸው ግልጽ ነው።

ቅሬታዎቹ ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ሳይለያዩ መታየታቸውም ለሁሉም ወገን አልበጀም። አንደኛው ቅሬታ ስለ አቢ አካል ነበር፤ ጡንቻዋ የዳበረ ሴት መሆኗ አስቆጣቸው። ይህ ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ዓመታትን ለበቀል ስትዘጋጅ የኖረች ወታደር ጡንቻ ቢኖራት ትረካው ራሱ የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው ቅሬታ የበለጠ ክብደት አለው። ከሽያጩ በፊት የተለቀቀ የማስታወቂያ ቪዲዮ ጄሲ በሚታይበት ትዕይንት ውስጥ ጆኤልን ተክቶ አሳይቷል። ገዢው ጆኤል ከኤሊ ጋር እስከ ሲያትል እንደሚዘልቅ አምኖ ገንዘቡን አወጣ። ምስጢር መጠበቅ የተራኪ መብት ነው፤ ሐሰተኛ ትዕይንት መሥራት ግን ከተራኪነት ወደ ነጋዴነት የሚሻገር ተግባር ነው። በዚህ ነጥብ የተቆጡ ተጫዋቾች እውነት ነበራቸው።

ሦስተኛው ነገር ቅሬታ ለመባል አይበቃም። የአቢን ድምፅና እንቅስቃሴ የሰጠችው ተዋናይት ሎራ ቤይሊ በራሷና በሕፃን ልጇ ላይ የተሰነዘሩ ዛቻዎችን በይፋ አሳየች። ዛቻ ላኪዎቹ «ገደልሽው» እያሉ የተናገሩት ለተዋናይቱ ነበር። ይህ በሰዋስው ዓይን ሲታይ የሁለተኛ መደብ ስሕተት ነው፤ «አንቺ» የተባለችው ሴት ግሱን አልፈጸመችም። ከሁሉም የሚገርመው፣ በዚያው ጨዋታ ውስጥ ግሶችን በእጃቸው የፈጸሙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። አንደኛውን መደብ ለመሸከም ያልፈለገ ሰው ሁለተኛ መደብ አድርጎ በሌላ ላይ ወረወረው ማለት ይቻላል። ቤይሊ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ሥራ የባፍታን የመሪ ተዋናይ ሽልማት ተቀበለች፤ ሽልማቱ የሥራውን ጥራት ይመሰክራል፣ ዛቻው ያደረሰውን ግን አይመልስም።

6. ጨዋታው የደከመበት ቦታ

የአቢን አስፈላጊነት መቀበል አሠራሯን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። ደራሲዎቹ ኒል ድራክማን እና ሃሊ ግሮስ ከያዙት የመደብ ዝውውር ኃይል ሙሉ እምነት እንዳልነበራቸው የሚያሳዩ ቦታዎች አሉ። አቢ በአፍላ ወጣትነቷ ከምትወደው አባቷ ጋር አጥር ውስጥ የተጠላለፈች የሜዳ አህያ ስታስፈታ ትታያለች። ኤሊን በያዘው ተጫዋች እጅ የተገደለችው አሊስ የተባለች ውሻ፣ በኋላ በአቢ ክፍል በሕይወት ቀርባ ኳስ እየተወረወረላት ትጫወታለች። ፍርድ ሊሰጥ የተቀመጠ ሰው ምስክር ይሰማል፤ እዚህ ግን ጨዋታው ምስክርነቱን ትቶ የአቢ ጠበቃ ይሆናል። እንስሳትን የሚወድ ሰው መልካም ነው የሚለው አቋራጭ የሚያሳምነው አስቀድሞ ሊያዝን የተዘጋጀውን ብቻ ነው። ሌቭንና ያራን ለማዳን ስትል ከገዛ ወገኗ የምትለይበት ክፍል ይህን ልመና አያስፈልገውም፤ እዚያ አቢ ዋጋ የሚያስከፍላትን ምርጫ ታደርጋለች፤ ተጫዋቹም ዋጋውን አብሯት ይከፍላል።

ሌላው ድካም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ኤሊ በሆስፒታሉ ሥር ኖራን ስታሠቃይ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ እንዲጫን ይገደዳል፤ ምቱም በእርሱ ጣት ይወርዳል። ብዙ ተቺዎች «ጨዋታው ምርጫ ሳይሰጥ ይወቅሳል» ብለዋል። ምርጫ ቢኖር ግን አብዛኛው ተጫዋች እጁን ንጹሕ አድርጎ ይወጣ ነበር፤ «ደመኛ» የሚለውም ቃል ትርጉሙን ባጣ ነበር። ስለዚህ ግዳጁ በራሱ ነቀፋ አይገባውም። ጥያቄው የሚነሣው መጨረሻው ላይ ነው።

በእርቅ ባህል ሽማግሌ በሁለት ደመኞች መካከል የሚቀመጠው ሁለቱን ስለሰማ ነው፤ መስማቱም የመናገር መብት ይሰጠዋል። በዚህ ጨዋታ ሁለቱንም ወገን የሰማ ብቸኛ ሰው ተጫዋቹ ነው። ኤሊ የአቢን ታሪክ አታውቀውም፤ አቢም የኤሊን አታውቀውም። በሳንታ ባርባራ የባሕር ዳርቻ፣ አቢ በባርነትና በስቅላት ሥጋዋ አልቆ ሳለ፣ ኤሊ ውሃ ውስጥ አንገቷን ይዛ ትደፍቃታለች፤ ተጫዋቹም ቁልፉን ደጋግሞ እየተጫነ ይረዳታል። በመጨረሻ ኤሊ ትለቃታለች። የመልቀቁ ውሳኔ ግን የኤሊ ብቻ ነው፤ መደፈቁ የተጫዋቹ፣ ምሕረቱ የሌላ ሰው ይሆናል። «ገደልኋት» ለማለት እጁን የዋሱት ተጫዋች «ማርኋት» የሚለው ግስ ሲመጣ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ወገን በገዛ እጁ የኖረ ሰው ከፍርዱ ቦታ የተገፋው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ከባድ ግሶችን በሙሉ አሸክሞት ቀላሉን ለራሱ አስቀርቷል።

ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ይህን ጉድለት በከፊል ያቃናል። ኤሊ ወደ ባዶው የእርሻ ቤት ትመለሳለች፤ ዲናና ሕፃኑ ሄደዋል። በትግሉ ሁለት ጣቶቿን ስላጣች ጆኤል ያስተማራትን ጊታር በትክክል መጫወት አትችልም። ክሩን የሚነካው ተጫዋቹ ነው፤ የጎደለው ድምፅ በእጁ ይሰማዋል። እዚህ ላይ ንግግር የለም፤ ጠበቃም የለም።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ንባብ አንድ መመዘኛ ማውጣት ይቻላል። ገጸ ባሕርይው የቀሰቀሰው ክርክር ወደ ታሪኩ የሚመልስ ነው ወይስ ከታሪኩ የሚያርቅ? ስለ አቢ ጡንቻ የተደረገው ጠብ ከታሪኩ ያርቃል፤ በተዋናይቱ ላይ የተሰነዘረው ዛቻ ከታሪኩም ከሰውነትም ያርቃል። «ጆኤል ያን ሐኪም መግደል ነበረበት?» የሚለው ክርክር ግን ተጫዋቹን እ.ኤ.አ. ወደ 2013ቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይመልሰዋል፤ ስም ለሌለው ሰው ያደረገውን እንደገና እንዲያየው ያስገድደዋል። አቢን ከታሪኩ ብናወጣት ይህ ጥያቄ አብሯት ይወጣል። በዚህ መመዘኛ አቢ፣ ከነ ጠበቆቿ ልመና፣ አስፈላጊ ናት።

በመደፈርና በመጠላት ብቻ ትኩረት ለመሳብ የተሠራ ገጸ ባሕርይ በዚሁ መመዘኛ ይወድቃል፤ ከታሪኩ ቢወጣ የሚጎድል ጥያቄ የለምና። ሁሉን ለማስደሰት ተብሎ ሹሉ የተመታ ገጸ ባሕርይም እንዲሁ ይወድቃል። የቪዲዮ ጨዋታ ደራሲያን በቁጣ ፊት ሲቆሙ የሚጠየቁት «ስንት ሰው ተቆጣ?» የሚል ቁጥር ሳይሆን «የተቆጣው ሰው የተቆጣው በየትኛው ግስ ነው?» የሚለው ሊሆን ይገባል። «ገደለችው» ብሎ የተቆጣ ተጫዋች ገና መንገድ ላይ ነው። «ገደልኋት ልል ነበር» ብሎ መቆጣጠሪያውን ያስቀመጠው ግን፣ ጨዋታውን ቢጠላውም፣ ሳይፈልግ የደረሰበትን ያውቀዋል።